ሻምበልና የመጨረሻው ምሰሶ

ባሌ ለማ በሞተ ሰሞን ሰው ሁሉ ቁጭ በይ ይለኝ ነበር። ልጄ ኤርሚያስ ቁጭ በይ ይላል፤ የቤተ ክርስቲያን እህቶች በስልክ ቁጭ በይ፣ አልቅሺና ይውጣልሽ ይላሉ፤ መንግሥትም በቴሌቪዥን አገሩን ሁሉ ቁጭ በሉ ይላል። ኮሮና ጆሃንስበርግን ዘግቶት ነበር። እኛ የምንኖርበት ቤሪያ ጡሩምባና ሙዚቃ የማይለየው ሰፈር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጭጭ ከማለቱ የተነሳ በረንዳ ላይ ወጥቼ የታክሲዎቹን ጩኸት እናፍቅ ጀመር። እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት ድሮም አይሆንልኝ። ምስር እለቅማለሁ፤ የለቀምኩትን መልሼ እለቅማለሁ። የታጠበ ብርጭቆ አጥባለሁ። ሐዘኔ እንደሌላው ሰው በዕንባ አልመጣም፤ በንዴት ነው የመጣው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደዚሁ ምስር ይዤ ወጥ ቤት ተቀምጬ ሳለ ከልጅ ልጄ ከሩት ክፍል አንድ ድምፅ መጣ። ድም። ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ ድም። ብረት ብረትን ከላይ ሲመታው፣ ምቱ በብረቱ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ባህር ውስጥ ሲገባ፣ ከባህሩ በታች ያለው መሬት ደግሞ ሲመልስለት የሚሰማ ድምፅ ነው። በዓለም ላይ ሌላ እንደዚያ የሚጮህ ነገር የለም። ምስሩን ጣል አድርጌ ተነሳሁና በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ሻምበል!» አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ ያመለጠኝ።

ሩት አልጋዋ ላይ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ኦንላይን ክላስ ነው እማማ። ሶሪ፣ ድምፁን ልቀንሰው?» አለችኝ።

«እንዳትቀንሺው» አልኳት።

ሩት የኤርሚያስ ልጅ ናት፤ እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች፣ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ። ለምን እንዳለቀሰች አውቃለሁ። የዩኒቨርሲቲው የልምምድ ምደባ መጥቶላት ነበር፤ ሪቻርድስ ቤይ፣ ከደርባን ወዲያ ያለች የፋብሪካ ወደብ። አዲስ የመርከብ ማስጠጊያ እየተሠራ ነው፤ እሷም የጥቂት ወር ልምምዷን እዚያ ታደርጋለች። ኤርሚያስ ያን ዕለት ጠዋት አይሆንም አለ። «ሴት ልጅ ብቻዋን፣ በዚህ በሽታ፣ ባህር ላይ ከወንድ ጋር? ሱቁን ታግዘኝ። መማር ከፈለገች ደግሞ ወደ አካውንቲንግ ትቀይር» አለና ጻካኔ ወዳለው ስፓዛ ሱቁ ሄደ። እኔ ወደ ምስሬ ተመለስኩ። ገና የባሌ ሐዘን አፌን ይዞት ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች፣ ክሬን፣ ረጅም የብረት ቱቦና ከላይ የሚወርድ መዶሻ ይታያሉ። አጠገቧ ተቀመጥኩና «ይሄ እኮ ሥራዬ ነበር» አልኳት።

«ምኑ?»

«ይሄ። ባህር ውስጥ ምሰሶ መትከል። እኔ በያጅ ነበርኩ፤ አያትሽ ደግሞ ክሬን ነጂ።»

«ሲሪየስሊ? አባባ ባለ ሱቅ አልነበረም እንዴ?»

ይቺ ነገር ጠቅ አደረገችኝ። ለእሷ ለማ ማለት ሱቁ በር ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ የሚቀመጥ፣ ለሚገባው ደንበኛ ሁሉ «ሳውቦና» ብሎ ሰላም የሚል፣ የሎኬሽኑ ሰፈር ልጆች «ምኹሉ»፣ አያታችን፣ እያሉ ከረሜላ የሚለምኑት ሽማግሌ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እኛ አልነገርናትም። እንግዲህ እነግራታለሁ ብዬ ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ወጣሁ።

እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ባህር የማውቀው በመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሙሴ ከፍሎት ሲያልፍ። የሚገርመው ያው ባህር ነው የደረሰኝ። ንጉሡ ወርደው ወታደሮቹ በወጡበት ዘመን፣ ሴቶችም ወደ ምርት ይግቡ ተብሎ በየአውራጃው ልጃገረድ ለሥልጠና ሲሰበሰብ እኔም ልብስ ስፌት እማራለሁ ብዬ አዲስ አበባ ሄድኩ። የሚመዘግበው ሰውዬ ቀና እንኳን ሳይል «ስፌት ሞልቷል፤ ብየዳ ክፍት ነው» አለኝ። ብየዳ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሆሳዕና ከምመለስ ብዬ «እሺ» አልኩ። እንዲህ ነው ነገሩ። ሰው ሕይወቱን በብዙ ምክር የሚመርጥ ይመስለዋል፤ የእኔን የመረጠው የስፌት ክፍሉ መሙላት ነው።

አሰብ የገባሁት በከባድ መኪና ነው፤ በረሃውን አቋርጠን ስንደርስ ፀጉሬ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ አፈር መስሏል። ከመኪናው ስወርድ ሙቀቱ እንደ ሰው በሁለት እጁ ደረቴን ገፋኝ። ወይ አገር! ያን ከተማ እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ካምፖ ሱዳን የሚባለው ሰፈር የእንጨት ቤቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ ማታ ማታ ሰው ሁሉ አልጋውን ወደ ደጅ አውጥቶ፣ አንሶላውን በውሃ ነክሮ ለብሶ ይተኛል። ሀብታም የሚባለው ማራገቢያ ያለው ነው። አሰብ ሰጊር የሚባለው ሰፈር ጥግ ላይ አንድ የመናዊ ሻይ ቤት ነበረው፤ በወተት የፈላ፣ ሄል የገባበት ሻይ በስሙኒ። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው መሬት ውስጥ በተቀበረ ምድጃ ጠብሰው ከነቂጣው በጋዜጣ ላይ ዘርግተው ይሰጡሃል፤ ሁለት ሰው በልቶ ይተርፈዋል። ሴቱ ከሳንቡክ ጀልባ የወረደ የናይለን ሻሽ ያስራል፤ ወንዱ አዲስ አበባ የተሰፋ ቤልቦተም ሱሪውን ይዞ ይመጣና በሳምንቱ ሰቅሎት ሽርጥ ያገለድማል፤ ሱሪ ለብሶ የሚታይ ሰው አዲስ ገቢ ወይም ባለሥልጣን ነው። ከሻይ ቤቱ ቴፕ የሱዳን ዘፈን ይመጣል። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ዘፈን አልዘፍንም፤ ግን ጆሮ መዝጊያ አልተሰጠኝም። ዛሬ ቤሪያ ውስጥ በሱዳኖቹ ሱቅ በር ሳልፍ ያው ዜማ ሲመጣ እግሬ ይዘገያል።

ሥራው ለአንድ ፋብሪካ የሚሆን መርከብ ማስጠጊያ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሥራ አስኪያጁ፣ ጓድ ፍስሐ የሚባል፣ ካኪ ሳፋሪው ጠረጴዛ ላይ የተተኮሰ የሚመስል ሰው፣ ስሜን ጠየቀኝ።

«ድንቅነሽ» አልኩ።

«ሥራሽስ?»

«በያጅ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና «ድንቄም በያጅ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ድንቄም ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ አናደደኝ፤ በኋላ ግን ባህሩ ላይ «ድንቄም ትምጣ» ሲሉ ያለ እኔ የማይሆን ነገር አለ ማለት ስለሆነ ወደድኩት።

አሠራሩን ለሩት ስነግራት ደብተሯን አነሳች፤ «ተይው፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ» አልኳት። የብረት ቱቦው አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ነው። ክሬኑ ባርጅ ከምንለው ጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ያነሳዋል፤ ቀጥ አድርጎ ባህር ውስጥ ያቆመዋል፤ መዶሻው ከላይ ይመታዋል። መዶሻውን ሻምበል ነበር የምንለው፤ እሱ ሲናገር ሌላው ሁሉ ዝም ስለሚል። ይህን ቀልድ የምንቀልደው ግን ግራና ቀኝ አይተን ነው። ቱቦው ወርዶ ጫፉ ውሃው ጋ ሲደርስ ሻምበል ዝም ይላል፤ ሌላ ቱቦ ከላዩ ይቆማል፤ እኔ ከክሬኑ በተንጠለጠለ የብረት ቅርጫት ወጥቼ ሁለቱን ዙሪያውን እበይዳቸዋለሁ። ከታች ባህሩ ይወዛወዛል፤ ከላይ ፀሐይ አለች፤ ከፊቴ እሳት አለ። ላቤ ጫማዬ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። ከዚያ ብየዳው ሲበርድ እንደገና ሻምበል ይናገራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ምሰሶው ጭቃውን አልፎ ጠንካራው መሬት ላይ ሲደርስ ቢመቱት ቢመቱት አይወርድም። ያኔ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ እጁን ያነሳና «እምቢ አለ!» ብሎ ይጮሃል። እምቢ ያለ ምሰሶ ብቻ ነው ሸክም የሚጫንበት። እምቢ እስኪል ሥራው አላለቀም።

ቅርጫቱን የሚያነሳኝና የሚያወርደኝ ክሬን ነጂ ዝምተኛ የናዝሬት ልጅ ነበር። ከመስታወቱ በስተጀርባ ስለሚቀመጥ ፊቱን በደንብ አይቼው አላውቅም። ሰላምታ እንኳን አልተለዋወጥንም። አንድ ነገር ብቻ ልብ ብያለሁ፤ ሌሎችን ሲያነሳ ቅርጫቱ ይንገጫገጫል፣ እኔን ሲያነሳ ግን እንቁላል እንደያዘ ነው። አንቺ ሩት፣ ሰው ፍቅር በአበባ ይገለጻል ሲልሽ እመኚ፤ እኔ ግን በክሬን ነው ያየሁት።

መጨረሻ ላይ ወደ ባህሩ ጥግ ያለው ምሰሶ ቀረ። እሱን ስንመታው ገንፎ ውስጥ እንደገባ ማንኪያ ይሰምጣል። አንድ ቱቦ ጨመርን፣ ሰመጠ። ሌላ ጨመርን፣ ያም ሰመጠ። ቱቦ አለቀ። ሌላ የሚያመጣው መርከብ ዘገየ። የአብዮቱ በዓል ደግሞ ደረሰ፤ ከአዲስ አበባ ባለሥልጣናት መጥተው ሪባን ሊቆርጡ ነው። ጓድ ፍስሐ ኢንጂነር ዮናስን አስከትሎ በጀልባ ወደ ባርጁ መጣ። ዮናስ ደግ ሰው ነው፤ ሚስቱና ሕፃን ልጁ አዲስ አበባ ናቸው፤ ደብዳቤ ሲመጣለት ዞር ብሎ የሚያነብ ሰው ነው።

«ከሌሎቹ ጋር እኩል ቁረጡትና ክዳን በይዱበት» አለ ጓድ ፍስሐ።

«ጓድ፣ ምሰሶው ገና መሬት አልያዘም» አለ ዮናስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከላይ ኮንክሪት ሲለብስ ማን ያየዋል?»

ዮናስ ጫማውን ማየት ጀመረ። ባርጁ ላይ ያለነው ሁላችንም ምሰሶው እንዳልያዘ እናውቃለን፤ ለማወቅ ዓይን ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ካቦው የብየዳ ዘንጉን፣ ኤሌክትሮዱን፣ አቀበለኝ። ተቀበልኩት። ፍርሃቴን እንዳያዩብኝ ብዬ የብየዳ ማስኬን ፊቴ ላይ አወረድኩ። ልትበይድ ነው ብለው ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ።

«አልበይድም» አልኩ ከማስኩ ውስጥ።

«ምን አለች?» አለ ጓድ ፍስሐ።

ካቦው ወደ እኔ አየ፤ ወደ እሱም አየ። «አልበይድም አለች» አለ። እንግዲህ ቃሉን የተናገርነው ሁለት ሰዎች ሆንን።

«ለምን አትበይጅም?»

«መርከብ ሲጠጋ መጀመሪያ የሚገፋው ይሄኛውን ነው። ከላዩ የሚቆሙት ጫኝና አውራጆች ጎረቤቶቼ ናቸው። ሚስቶቻቸው ውሃ ሲያልቅብኝ ያበድሩኛል። ምን ብዬ ባልዲ ይዤ በራቸው እሄዳለሁ?»

«አንቺ ጴንጤዋ ነሽ አይደል?» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ሲጮህ ይሻል ነበር። «ይሄ አሻጥር ይባላል። አሻጥር ምን እንደሚያመጣ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተነገረበት ሰው ማታ ቤቱ አይገባም ነበር። ሆሳዕና ያለችው እናቴ ትዝ አለችኝ። ቅርጫቱን ይዤ ቆምኩ። ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል። ሰው ደፋር ስለሆነ ብቻ አይደለም እምቢ የሚለው፤ አንዳንዴ እሺ ካለ በኋላ የሚኖረውን ኑሮ ሲያስበው ያኛው ይብስበታል። «አውቃለሁ» አልኩት።

በዚያው ቀን የካምፑ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ቆለፉብኝ። ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ላይ ምድጃ ይሆናል። ጥበቃ የቆመው አንድ የወሎ ልጅ ነበር። ፍርሃቴ ሲበዛብኝ መዝሙር ጀመርኩ፤ መዝሙር ደግሞ ያን ጊዜ በራሱ ወንጀል ነው። ልጁ ቆርቆሮውን ቆርቆር አድርጎ «እህቴ፣ ቀስ አድርጊው፣ ይሰማል» አለኝ። ዝም አልኩ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቆረቆረና «ያንን የቅድሙን ድገሚው እስቲ። ቀስ አድርገሽ» አለ። በዚያ በር በኩል ነው ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ የሰማሁት።

ጓድ ፍስሐ ከፋብሪካው ጋራዥ ሌላ በያጅ አስመጣ። በያጁ ጥግ ያለው ምሰሶ ላይ ለመድረስ በቅርጫቱ መነሳት አለበት። ተሳፍሮ ቆመ። ክሬኑ አልተነሳም። ለማ ከመስታወቱ በስተጀርባ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«ምን ሆነሃል?» ብሎ ጮኸ ጓድ ፍስሐ።

«ክሬኑ ታሟል» አለ ለማ።

«ምኑን ነው የታመመው?»

«እሱን እንኳን አልነገረኝም» አለ ፊቱን ቅጭም አድርጎ።

መካኒክ ተጠራ። መካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ፤ ቀና ብሎ ለማን አየው፤ እንደገና አንገቱን አስገባ። «እውነት ነው፣ ታሟል» አለ። ኢንጂነር ዮናስ ተጠራ። እሱም ገብቶ አየ። ያ ጫማውን ሲያይ የነበረ ሰው ያን ቀን ቀና ብሎ «መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ካልመጣ የሚነሳ አይደለም» አለ። ይህን ሁሉ የወሎው ልጅ ሲነግረኝ ሳቄን ለማፈን የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩት። እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ፣ የምወጣበትን ሳላውቅ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ብቻዬን አልነበርኩማ።

በዓሉ ደረሰ። ጥግ ያለው ምሰሶ ከሌሎቹ በላይ ተገትሮ አሳፋሪ ሆነ። ምን ያድርጉት? ከታች እስከ ላይ ባንዲራ ጠቀለሉበት፤ የዘንባባ ዝንጣፊ አሰሩበት፤ ጫፉ ላይ መፈክር ሰቀሉ። ሙዚቃው ግምጃ ቤቱ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ከመጡት ባለሥልጣናት አንዱ የሰማዕታት ሐውልት መስሎት ቆሞ ሰላምታ ሰጠው ይላሉ። እኔ አላየሁም፤ ያየ ሰው ሁሉ ግን ይምላል።

እንግዶቹ ሲሄዱ እኔን ማሰሩ ራሱ ጣጣ ሆነ፤ ለምን እንደታሰርኩ የሚጽፍ ሰው ሐውልቱ ምን እንደሆነ ሊጽፍ ነው። ፈቱኝ። ጓድ ፍስሐ በአጠገቤ ሲያልፍ ግድግዳ እንጂ ሰው እንዳላየ ሆኖ አለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ቱቦው በመርከብ መጣ፤ ክሬኑም ዳነ። የመጨረሻውን ቱቦ ዙሪያውን የበየድኩት እኔ ነኝ። ሻምበል መታው፤ ወረደ። መታው፤ ጥቂት ወረደ። መታው፤ ቀጥ አለ። እንደገና መታው፤ ንቅንቅ አላለም። ካቦው እጁን አንስቶ «እምቢ አለ!» ሲል ባርጁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ለማ ቅርጫቴን ሲያወርደኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስታወቱ ወጥቶ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ክሬንህ ተሻለው?» አልኩት።

«አንቺ ስትወጪ ተሻለው» አለኝ።

ሩት እዚህ ላይ አፏን በእጇ ያዘች። «ከዚያስ?»

ከዚያማ ተጋባን። ኤርሚያስም እዚያው ተወለደ። ቆይቶ ዘመን ተለወጠ፤ ካርታውም አብሮ ተለወጠ። በጭነት መኪና የመጣን ሰዎች በጭነት መኪና ተመለስን።

«ዛሬ እኮ ኤርትራ ነው አይደል?» አለችኝ። «ሶ፣ የእናንተ አይደለም።»

«ካርታውን የሳሉት ሲስሉ እኔን አላማከሩኝም» አልኳት። «ብየዳው ግን የእኔ ነው።»

ለማ ከአሰብ ከወጣን በኋላ ስለ አሰብ ማውራት ተወ። ሆሳዕና ወፍጮ ቤት ሠራ። ኤርሚያስ ሲጎረምስ እንደ አካባቢያችን ልጅ ሁሉ በእግርም በመኪናም ብዙ አገር አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ ሱቅ ከፈተ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ፔፐር ሲያገኝ እኛን አስመጣ። ለማም የሱቁ በር ላይ ተቀመጠ። ኮሮና የያዘው ከዚያው ከበሩ ላይ ነው፤ ሰው ሰላም ማለት አልተወም ነበርና። ሆስፒታል ሲገባ እኛን አላስገቡንም፤ ሲሞት እጁን የያዘው ማን እንደሆነ አላውቅም። መቃብሩ ጋ ነጭ ልብስ ተጀቡነው ያወረዱት ሰዎች ፊታቸው አይታይም። ጥቂት ቤተሰብ ብቻ ነበርን፤ አንደኛው ሰውዬ እንደ አያቱ ቆጥሮኝ «ጎጎ፣ ባይዘመር ይሻላል» አለኝ በትሕትና። ማስኬን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብኩና ዘመርኩ። አንዱን መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሰውዬው አካፋውን ይዞ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

እሑድ ኤርሚያስ ከጻካኔ መጣ። እራት ላይ ሳይቀመጥ ነገሩን አነሳሁት።

«ሩት ትሄዳለች» አልኩት።

«እማዬ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«አንተ ተናገርክ እንጂ አልተነጋገርንም።»

ተቀመጠ። ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። ፂሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ሸብቷል። «አባቴን ከቀበርኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ?» አለ። «ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ አጣሁት። እሷን ደግሞ ማንም በማያውቃት አገር፣ ባህር ላይ... እማዬ፣ አንድ ነገር ብትሆን እኔ እተርፋለሁ?»

ፍርሃቱን አልናቅኩበትም። እኔም ያን ቀን ቅርጫቱን ይዤ የቆምኩት ሰው ነኝ። «አባትህ ግን ሰላምታ እንኳን ሰጥታው ለማታውቅ ሴት ክሬን አቁሟል» አልኩት።

«የቱን ክሬን?»

ዞር ብዬ አየሁት። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አያውቅም። አባቱ ነግሮት አያውቅም፤ እኔም አባቱ የነገረው ይመስለኝ ነበር። ሩት «ዳድ፣ ዩ ሃቭ ኖ አይዲያ» አለችና ራሷ መናገር ጀመረች፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። «እሱን እንኳን አልነገረኝም» የሚለው ጋ ስትደርስ ኤርሚያስ ሳቀ፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። እጄን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ። እራቱ ቀዘቀዘ።

ፊቱን ጠርጎ ቀና ሲል «እሺ፣ ትሂድ እንበል» አለ። «ማን አብሯት ይሆናል?»

«እኔ።»

«እማዬ፣ ዕድሜሽ...»

«ዕድሜዬን አውቀዋለሁ። ምስርም ለቅሜ ጨርሻለሁ።»

የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሲሰሙ አበድሽ ወይ አሉኝ። ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም አሉ። ሐዘኔን ይዤው ነው የምወጣው፣ የትም አይቀርብኝም አልኳቸው። መንገዱ ሲከፈት ኤርሚያስ ሱቁን ለጓደኛው አደራ ሰጥቶ ራሱ በመኪና አደረሰን፤ መንገዱን በሙሉ ስለ አባቱ ሲጠይቀኝ ሄደ። ክሬኑ ምን ቀለም ነበረው? ቢጫ። ፀጉሩስ? አፍሮ ነበር፤ ባርኔጣ አይገባለትም። ከአንዲት ደግ የዙሉ ሴት ጓሮ ክፍል ተከራየንና ገባን። ሩት የመጀመሪያ ቀን ሰፊ ሰደርያ ለብሳ፣ የራስ ቁሩ ግንባሯ ላይ እየወረደባት ሄደች። ማታ ስትመለስ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ «እማማ፣ ወንዶቹ ፈዘው ያዩኛል» አለችኝ። «ይዩ፤ ዓይናቸው ሲደክም ይተዋሉ» አልኳት። ተዉት።

እኔ ምን ቁርጥ አድርጎኝ ክፍል ውስጥ እውላለሁ? ጠዋት ጠዋት ነጠላዬን ደርቤ፣ ማስኬን አድርጌ ወደ ወደቡ አጥር መሄድ ጀመርኩ። ባህሩ እንደ አሰብ አይሞቅም፤ ሽታው ግን ያው ነው፤ ጨውና ዝገት። መዶሻዎቹ የዛሬዎቹ ትልልቅ ናቸው። አንድ ጠዋት አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ ሳይ የጥበቃው ሰው መጣ፤ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው።

«ጎጎ፣ እዚህ መቆም አይፈቀድም» አለኝ በእንግሊዝኛ። ሰሌዳውን አሳየኝ። «ለፐብሊክ ክልክል ነው።»

የእኔ እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፤ ብሬድ፣ ሚልክ፣ ኤርታይም፣ ኖ ቼንጅ። ግን ያለኝን ሰብስቤ ቀና አልኩ።

«አይ አም ኖት ፐብሊክ» አልኩት። «አይ አም ዌልደር።»

ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ አየኝ። አልሳቀም። ወደ ግራ ዞሮ፣ አጥሩ ወደ ባህሩ ታጥፎ ድንጋዮቹ ከፍ ያሉበትን ቦታ በጣቱ አመለከተኝና «ከዚያ ነው ጥሩ የሚታየው» አለኝ።

ሄድኩ። እውነቱን ነው፤ ከዚያ ሁሉም ይታያል።